ከሱቅ እስከ ቆሼ፦ ሕጋችን ያልደረሰበት የዕቃ ዕድሜ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከዘነበወርቅ አለፍ ብሎ ረጲ በሚባለው አካባቢ፣ አዲስ አበባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የጣለችው ሁሉ ተከምሮ ተራራ ሆኗል። ከተሜው ቆሼ ይለዋል። በዚያ ክምር ውስጥ ያለው የአትክልት ቅንጥብጣቢና አመድ ብቻ አይደለም። የተቃጠለ አምፖል፣ ባትሪው የሞተ ስልክ፣ ሞተሩ የነደደ የጭማቂ መፍጫ፣ አንድ ክረምት ያልዘለቀ ጫማም አለበት። አንድ ዕቃ ከሱቅ ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ የሚቆይበትን ጊዜ የባለቤቱ አያያዝ ብቻ አይወስነውም። አንዳንዱ ገና ከፋብሪካው ሳይወጣ ዕድሜው ተቆርጦለት ይመጣል። ያ ቆረጣ እንዴት እንደተጀመረ፣ ሕግ ደግሞ በሌላውም ዓለም በእኛም አገር እሱን ለመግታት የት እንደደረሰና የት እንደቀረ በቅደም ተከተል ማየት ይገባል።

የሺሕ ሰዓቱ አምፖል

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1924፣ በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም.፣ የዓለም ታላላቅ አምፖል አምራቾች ጄኔቭ ላይ ተዋዋሉ። ከመካከላቸው የጀርመኑ ኦስራምና የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ነበሩ። ፌቡስ የሚል ስም የያዘው ይህ ማኅበር የዓለምን ገበያ ለአባላቱ አከፋፈለ። ከዚህም አልፎ የአንድ አምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ በፊት ከ1,500 እስከ 2,000 ሰዓት የሚበሩ አምፖሎች ገበያ ላይ ነበሩ። አባል ፋብሪካዎች ናሙና እየላኩ ስዊዘርላንድ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ያስፈትሹ ነበር። አምፖሉ ከተወሰነለት በላይ ሲበራ የተገኘበት ፋብሪካ መቀጫ ይከፍላል።

ኩባንያዎቹ መከራከሪያ አልጠፋቸውም። አጭር ዕድሜ ያለው አምፖል ይበልጥ ደምቆ ይበራል፣ በተመሳሳይ ኤሌክትሪክም የተሻለ ብርሃን ይሰጣል አሉ። በሙያው ዓይን ሲታይ በክርክሩ ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን ውሳኔውን ገዢው አላወቀውም፣ አልተጠየቀበትምም። ረጅም ዕድሜና ደማቅ ብርሃን ቀርበውለት ይምረጥ ቢባል ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ማኅበሩ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ፈረሰ፣ ሐሳቡ ግን አልፈረሰም።

ሕግ በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የተጠራው ዕድሜን ለማራዘም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ስትማቅቅ በርናርድ ለንደን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው አንዲት በራሪ ጽሑፍ አሳተመ። መንግሥት ለእያንዳንዱ ምርት የሞት ቀን ይወስንለት፣ ቀኑ ያለፈበትን ዕቃ ይዞ የሚቆይ ሰው ግብር ይክፈል የሚል ነበር። ሰው አዲስ ለመግዛት ሲገደድ ፋብሪካ ይንቀሳቀሳል፣ ሥራ ይፈጠራል ብሎ አሰበ። ሕጉ አልወጣም። ሆኖም ያለ ምንም ሕግ ገበያው ራሱ ምክሩን ሥራ ላይ አዋለው።

የፍትሐ ብሔሩ ዋስትና

በአገራችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ኃላፊ ነው የሚለው አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። ለዘመናት የተዳኘንበት ፍትሐ ነገሥትም ስለ መሸጥና መግዛት የሚናገር ክፍል ነበረው። ዘመናዊው መሠረት የተጣለው ግን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ነው።

የሕጉ አንቀጽ 2287ና ተከታዮቹ ሻጩ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳሉ። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ባሕርይ ከጎደለው ጉድለት አለበት ይባላል። ገዢው ዕቃውን በጊዜው መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ከዚያም በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ መመሥረት አለበት።

ይህ ድንጋጌ በዘመኑ ትልቅ እመርታ ነበር። በሬ ለሚገዛ ገበሬ፣ የልብስ ስፌት መኪና ለሚገዛ ሰፊ፣ እህል በኩንታል ለሚረከብ ነጋዴ ይበጃል። ዕድሜው ታስቦበት ያጠረ ዕቃ ሲመጣ ግን ሕጉ መያዣ ያጣል። እንዲህ ያለው ዕቃ በተሸጠበት ቀን ጉድለት የለበትም፤ ይሠራል። ያሰቡለት ቀን እስኪደርስ ድረስም በደንብ ይሠራል። በቆመ ጊዜ ገዢው ፍርድ ቤት ሄዶ «ሲሸጥልኝ ጀምሮ ጎደሎ ነበር» ብሎ ማስረዳት አለበት። ለአንድ የውኃ ማፍያ ወይም ለአንድ ካውያ ብሎ ጠበቃ የሚያቆም ሰው ደግሞ የለም።

ጠጋኞቹ የሸፈኑት ክፍተት

ሕጉ ያልደረሰበትን ቦታ ለረጅም ዘመን የያዙት ጠጋኞች ናቸው። ከኮልፌ ወደ ምሥራቅ ወረድ ሲሉ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል። እዚያ አሮጌ በርሜል ምድጃ፣ የተጣለ ላሜራ ባልዲ፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ሲሆን ኖሯል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚገዛው ብረትና ጠርሙስ፣ ልዋጭ ነጋዴው በሳህንና በብርጭቆ የሚለውጠው አሮጌ ልብስ የሚገባውም ወደዚሁ መረብ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ዕቃ ተበላሸ ማለት ሞተ ማለት አልነበረም። ሁለተኛና ሦስተኛ ባለቤት ይጠብቀው ነበር።

በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት የመጡት ላዳዎች ለዚህ ዋና ምስክር ናቸው። ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ታክሲ ሆኑ፣ መንግሥታት ሲለዋወጡም ከጎዳና አልጠፉም። ምስጢሩ አሠራራቸው ላይ ነው። ሜካኒኩ ካርቡሬተሩን በእጁ ፈትቶ ያጥባል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ ፍሪሲዮን ያወርዳል። ሞተሩን ለመክፈት የኩባንያ ፈቃድ ወይም ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልገውም። መለዋወጫው ከሌላ ላዳ ይወልቃል፣ ካልተገኘም ቶርኖ ቤት ይቀረጻል። ዕቃ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው በጠንካራ ብረት ስለተሠራ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሊፈታ፣ ሊጠገንና መለዋወጫ ሊገኝለት የሚችል መሆኑ እኩል እንደሚወስን ላዳ በአገራችን ጎዳና ላይ አሳይቷል።

ቆሼ በነዚህ ዓመታት ሁሉ ነበር። የከተማዋ ቆሻሻ በ1950ዎቹ መካከል እዚያ መጣል ሲጀምር ቦታው ከከተማ ዳር ነበር። በአቅራቢያው በነበረው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል ዙሪያ ኅብረተሰቡ ያገለላቸው ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ሰፍረው ይኖሩ ነበር። ከተማዋ የማትፈልጋቸውን ሰዎችና የማትፈልጋቸውን ዕቃዎች በአንድ አቅጣጫ ላከች። በኋላ ከተማው አድጎ ቦታውን ዋጠው፤ ክምሩም ከ36 ሄክታር በላይ ሸፈነ።

የገበያው መከፈትና የ15 ቀኑ መብት

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተከፈተ። ከቻይናና ከዱባይ የሚመጣው ርካሽ ዕቃ መርካቶን አጥለቀለቀ። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል ስልክ አገልግሎት ተጀመረ። ቀድሞ የሀብታም ቤት ጌጥ የነበረው ቴሌቪዥን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ገባ። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነበር፤ ብዙ ሰው ከዚያ በፊት ያልደረሰበትን አገኘ። ነገር ግን «ኦርጂናል ነው ወይስ ፎርጅድ?» የሚለው ጥያቄ የየዕለቱ የገበያ ቋንቋ ሆነ። ገዢው ሱቅ ቆሞ የዕቃውን ዕድሜ የሚገምተው በክብደቱ፣ በሻጩ መሐላና በዕድሉ ነበር።

በ2001 እና 2002 ዓ.ም. አምፖል ወደ ታሪካችን ተመለሰ። የመብራት መቆራረጥ በበረታበት በዚያ ወቅት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ ድጋፍ አሮጌውን አምፖል በኃይል ቆጣቢ አምፖል በነፃ ይለውጥ ጀመር። የመጀመሪያው ዙር 350,000 አምፖሎች ነበሩት፤ ሚሊዮኖች ተከተሉ። የባንኩ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ግምገማ የመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ13 ሜጋ ዋት በላይ እንዳተረፈ አገኘ። ዕደላው ካለቀ ከ18 ወር በኋላ ግን ከመጀመሪያው ቁጠባ 20 ከመቶ ያህሉ መጥፋቱንም ጨምሮ ገለጸ። ሥራው ጥሩ ነበር። ሆኖም አንድ ቤተሰብ የነፃው አምፖል ሲቃጠልበት ተመሳሳዩን በራሱ ገንዘብ ካልተካ ቁጠባው ከአምፖሉ ጋር ይጠፋል። የአንድ ዕቃ ዕድሜ የአገር የኃይል ሒሳብ ውስጥ እንደሚገባ ያኔ በግልጽ ማየት ይቻል ነበር። አምፖሎቹ ሜርኩሪ የያዙ መሆናቸው ደግሞ መጣያቸውንም የሕዝብ ጉዳይ አደረገው።

በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685/2002 ወጣ። «ሸማች» የሚባለው ሰው በስሙ ተጠርቶ ራሱን የቻለ ጥበቃ ያገኘው በዚህ አዋጅ ነው። በ2006 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተካው። ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበትም በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ በተለጠፈበት ገበያ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ግን 15 ቀን ምን ይይዛል? ሲገዛ ጀምሮ የተሰበረውን፣ የተጭበረበረውን፣ ከካርቶኑ ሲወጣ የማይነሳውን ይይዛል። በስምንተኛው ወር የሚቆመውን አይይዝም። አዋጁ ሻጩ የተሻለ ዋስትና ከሰጠ ያንን ያከብራል፤ ለማቀዝቀዣ ይህን ያህል፣ ለስልክ ይህን ያህል ዓመት ዋስትና ይኑር ብሎ ግን አያስገድድም። አስመጪው መለዋወጫ ለስንት ዓመት ማቅረብ እንዳለበትም አይናገርም።

የፈረንሳይ ትምህርት

በዚህ መካከል ሌላው ዓለም ወደ ሥሩ መሄድ ጀመረ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015 ባወጣችው ሕግ የዕቃን ዕድሜ ሆን ብሎ ማሳጠርን ወንጀል አደረገች። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራትና 300,000 ዩሮ ሲሆን እስከ ኩባንያው ዓመታዊ ሽያጭ 5 ከመቶ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የሸማቾች ማኅበር በኤፕሰን ላይ በቀለም ማተሚያዎቹ፣ በአፕል ላይ በስልኮቹ ምክንያት አቤቱታ አቀረበ። የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ስልክ በሚያዘገዩ የሶፍትዌር ማሻሻያዎች ሰበብ አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 አፕል በፈረንሳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማማ።

ትምህርቱ ያለው ገንዘቡ የተከፈለበት ምክንያት ላይ ነው። አፕል የከፈለው ዕድሜ አሳጥሯል ተብሎ አልነበረም፤ ማሻሻያው ስልኩን ሊያዘገይ እንደሚችል ለሸማቹ ባለመንገሩ ነው። የአንድን ኩባንያ ሐሳብ ፍርድ ቤት ቆሞ ማስረዳት እጅግ ከባድ መሆኑን ፈረንሳዮች ተረዱ። ስለዚህ ሕጋቸውን ወደሚለካ ነገር አዞሩት። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና የልብስ ማጠቢያ ሲሸጡ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመቹ ከ10 ነጥብ እየተሰጣቸው ዋጋው አጠገብ ይጻፍ ጀመር። መለዋወጫው ይገኛል ወይ? ለመፍታት ቀላል ነው ወይ? የጥገና መመሪያው ክፍት ነው ወይ? እነዚህን ለመመለስ የኩባንያውን ልብ መመርመር አያስፈልግም።

የአውሮፓ ኅብረት ያንኑ መንገድ ተከተለ። እ.ኤ.አ. ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በኅብረቱ ገበያ የሚቀርብ አዲስ ሞዴል ስማርት ስልክ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ለ7 ዓመት ዋና ዋና መለዋወጫዎቹ መገኘት አለባቸው፤ የሶፍትዌር ማሻሻያውም ቢያንስ ለ5 ዓመት መቀጠል አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደቀው የጥገና መብት መመሪያ ደግሞ አምራቾች የዋስትናው ጊዜ ካለፈ በኋላም በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲጠግኑ የሚያስገድድ ሲሆን ከጁላይ 31 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲፈጸም ተወስኗል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.

ፈረንሳይ ሕጓን ባወጣች በሁለተኛው ዓመት ቆሼ ተናደ። ክምሩ ሞልቶ ነበር። ከተማዋ በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ከፍታ ቆሻሻውን ወደዚያ ማጓጓዝ ጀምራ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የክምሩ አንድ ገጽ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

ለዚያ አደጋ ዕድሜው ያጠረ ዕቃ ብቻውን ተጠያቂ ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፤ የመሬት አጠቃቀም፣ የከተማ አስተዳደርና የድህነት ጥያቄዎች ሁሉ አሉበት። ነገር ግን ከተማ የሚጥለው በበዛ ቁጥር ክምሩ ሥር የሚኖረው ሰው እንደሚከፍል ያ ምሽት አሳይቷል። ፋብሪካ ያሳጠረው፣ አስመጪ ያተረፈበት፣ ሸማች የከፈለበት ዕቃ የመጨረሻ ዕዳው የሚያርፈው ከንግዱ ምንም ባላገኘ ሰው ላይ ነው።

ከአደጋው በኋላ አንዳንድ እርምጃዎች ተወሰዱ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተነደፈው ፋብሪካ ተመረቀ። በዚያው 2010 ዓ.ም. የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጡ። አገራችን አደገኛ ቆሻሻን ከድንበር ወደ ድንበር ማዘዋወርን የሚቆጣጠረውን የባዝል ስምምነት በ1992 ዓ.ም. ተቀብላ ስለነበር እነዚህ ሕጎች ከዚያ ግዴታ ጋር የሚጣጣሙ ናቸው።

ሁሉም አስፈላጊ ሕጎች ናቸው። ሁሉም ግን የሚጀምሩት ዕቃው ከተጣለ በኋላ ነው። የሸማቾች አዋጁ የዕቃውን የመጀመሪያ 15 ቀን ያውቃል፤ የቆሻሻ ሕጎቹ ከሞተ በኋላ ያለውን ያውቃሉ። በመካከል ያሉት ዓመታት፣ ማለትም ዕቃው የሚኖርባቸው ዓመታት፣ ባለቤት የላቸውም።

መኪናው፣ ስልኩና የቀረው አንቀጽ

መንግሥት ስለ ዕቃ ዕድሜ በሕግ በቀጥታ የተናገረው በ2012 ዓ.ም. በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነበር። አዋጁ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ሲገባ የሚከፈለውን ታክስ እስከ 500 ከመቶ አደረሰው። ዓላማው የአየር ብክለትንና የሌላ አገር አሮጌ መኪና መከማቻ መሆንን ማስቀረት ነበር፤ ያ ተገቢ ነው። ሆኖም የተለካው መኪናው የኖረው ዘመን ነው፤ ገና ምን ያህል እንደሚኖርና እዚህ ሊጠገን መቻሉ አልተለካም። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ሆነ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት ገቡ። የኤሌክትሪክ መኪና ከዋጋው ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው፤ አካሉ በሶፍትዌር የተሳሰረ ነው። ላዳን በመፍቻ ያኖረው የአዲስ አበባ ሜካኒክ እዚህ መኪና ላይ እጁን ለማሳረፍ መረጃ፣ መመርመሪያ መሣሪያና መለዋወጫ ያስፈልገዋል። ይህን ማቅረብ ግዴታ ካልሆነ ዛሬ አዲስ የሆነው መኪና ነገ በየግቢው ቆሞ ይቀራል።

ስልክም እንዲሁ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ80 ሚሊዮን በልጠዋል። በ18 ማዞሪያ፣ በአየር ጤና፣ በጦር ኃይሎች በየሱቁ ፊት ለፊት አነስተኛ ጠረጴዛ ይዘው ስክሪን የሚቀይሩ፣ የቻርጅ መሰኪያ የሚበይዱ ወጣቶች የዚህ ግዙፍ ገበያ እውነተኛ ዋስትና ሰጪዎች ናቸው። ሕጉ ግን አያውቃቸውም። የተጣበቀ ባትሪ፣ በሶፍትዌር የተቆለፈ መለዋወጫና የማይገኝ የጥገና መመሪያ በየዓመቱ ሥራቸውን እያጠበበው ነው።

በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ የሸማቾች ጥበቃውን ሥራ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር አዛውሮታል። ሚኒስቴሩ ወደብና ጉምሩክ ላይ ጥራት የሚቆጣጠሩትን ተቋማት የማስተባበር አቅም ስላለው ቀጣዩ እርምጃ እዚያ መጀመር ይችላል። እኛ ስልክና ማቀዝቀዣ ከሚነድፉት አገሮች አይደለንም፤ ስለዚህ የፈረንሳይን የወንጀል አንቀጽ ብንቀዳ የሚከሰሰው ሰው አገር ውስጥ አይገኝም። እዚህ ስም፣ ፈቃድና ንብረት ያለው አስመጪው ነው። ሕጉ እሱን ይያዝ። ለየዕቃው ዓይነት ዝቅተኛ የዋስትና ዘመን በአዋጅ ይወሰን። አስመጪው ላስገባው ሞዴል ለተወሰኑ ዓመታት መለዋወጫ የማቅረብ ግዴታ ይግባ። የጥገና መረጃ ለማንኛውም ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ክፍት ይሁን። የሚጠበቀው የአገልግሎት ዘመን በአማርኛና በሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ካርቶኑ ላይ ይጻፍ።

ዋጋ ይንራል የሚል ሥጋት ይነሣል፤ ተገቢ ሥጋት ነው። ኮንትሮባንድም ይበረታታል ይባላል፤ ያም እውነት አለው። ስለዚህ በጥቂት ዕቃዎች፣ በስልክ፣ በማቀዝቀዣ፣ በምጣድና በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ቢጀመር ይበቃል። ነገር ግን ዛሬ ርካሽ የሚባለውን ዕቃ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ የሚገዛው ደሞዙ ትንሽ የሆነው ሰው ነው። ውድ የሚከፍለው እሱ ነው። አውሮፓ ደጇን ስትጠብቅ እዚያ መሸጥ የማይችለው ሞዴል ሕግ ወደሌለበት ገበያ ፊቱን ያዞራል፤ መዘግየታችን ራሱ ግብዣ ይሆናል።

ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ገዢ ጎደሎ ዕቃ እንዳይሸጥለት ሕግ አለን። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ሸማቹ መብቱ በስሙ ተጽፎለታል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የተጣለ ኤሌክትሮኒክስ እንዴት እንደሚወገድ ደንብ አለን። የቀረን አንድ አንቀጽ ነው፤ እሱም ዕቃ ከሱቅ ከወጣ በኋላ የሚገባውን ያህል እንዲኖርና ሲታመም የሚጠግነው ሰው እንዳይከለከል የሚያዝ። ይህን አንቀጽ መጻፍ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው፤ እንዲጻፍ መጠየቅ ደግሞ የሸማቾች ማኅበራት፣ የጠጋኞችና ደረሰኝ ይዘን ከሱቅ የምንወጣው የሁላችንም ሥራ ነው።